ለአንድ ካርቶን ማስክ

ሰልችቶናል። ሳውዲ ዓረቢያ፣ ጅዳ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ቡና ላይ ስንገናኝ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው የሚያርፈው። የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ማሳደሻ፣ የከፊል (የአሠሪ ስፖንሰር) ጭቅጭቅ፣ የቤት ኪራይ፣ ከዚያ የታመመ ወይም የታሰረ ወገን። የወገን ነገር ሲነሳ ሁሉም እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ወዲያው ደግሞ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሺ፣ ገንዘቡን ማን ይያዘው?» ይላል። መልስ የለም። ይሄው መልስ ማጣት ነው ያደከመን።

ሀገር ቤት ቢሆን ጥያቄው ራሱ አይነሳም። ሰው ሲታመም፣ ቤት ሲቃጠል፣ የእድሩ ዳኛ ተነስቶ ይናገራል፤ ከዱዓ በኋላ ጋቢ ይዘረጋል፣ ያለው ይጥላል፣ የሌለው በጉልበቱ ያግዛል። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ እንዲህ ሲደረግ እያየን ያደግን ሰዎች ነን። ያንኑ ነገር ጅዳ ሸረፊያ ወይም መካ ነካሳ ሰፈር ውስጥ ብናደርገው ግን ያለ ፈቃድ መዋጮ መሰብሰብ ነው፤ ያስቀጣል።

የሕጉን ምክንያት አውቃለሁ፤ ምክንያት የለውም ከሚሉት ጋርም አልስማማም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2003 ሪያድ ላይ ቦምብ ፈንድቶ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ነው በየመስጊዱና በየሱቁ በር የነበሩት የምጽዋት ሳጥኖች የተነሱት። የተሰበሰበው ገንዘብ ማን እጅ እንደሚገባ የሚቆጣጠር አልነበረምና። ከዚያ ወዲህ ቁጥጥሩ ከዓመት ዓመት እየጠበቀ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ የወጣው የማኅበራትና የበጎ አድራጎት ተቋማት ሕግ ማኅበር የሚመሠርቱት ሳውዲዎች መሆን እንዳለባቸው ደነገገ፤ ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብም ፈቃድ ላለው ድርጅት ብቻ ተተወ። በዚያው ዓመት የንጉሥ ሰልማን የሰብዓዊ እርዳታ ማዕከል ተቋቋመ፤ ወደ ውጭ የሚላክ እርዳታ በእሱ በኩል ብቻ እንዲያልፍ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2021 «ኢህሳን» የተባለው የመንግሥት የመለገሻ መድረክ በየስልካችን ገባ። የዚያው ዓመት የልመና መከላከያ ሕግ ደግሞ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚደረገውን ጭምር ልመና ብሎ ያዘው። የለመነ እስከ 6 ወር እስራትና እስከ 50 ሺህ ሪያል፣ ልመናን ያደራጀ ወይም የመራ እስከ 1 ዓመትና እስከ 100 ሺህ ሪያል ይጠብቀዋል። የውጭ ሀገር ሰው ከሆነ ቅጣቱን ሲጨርስ ይባረራል፤ ከሐጅና ከዑምራ በቀር ለሥራ ተመልሶ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2024 ረመዳን ሳይገባ የእስልምና ጉዳዮች ሚኒስቴር ኢማሞችም ለኢፍጣር ብለው ገንዘብ እንዳይሰበስቡ መመሪያ አወጣ። ኢማሙ የተከለከለውን፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን በዋትሳፕ ብታደርገው ማን ይምራታል?

ይህን ሁሉ ግን ማን ነገረን? ሕጉ በዓረብኛ ተጽፏል፤ ለዚያውም በሕግ ዓረብኛ። አብዛኛው ወገናችን የሚያውቀው የማዳምና የሹርጣ (የፖሊስ) ዓረብኛ ነው። የፈረመውን የሥራ ውል እንኳ ማንበብ ያልቻለ ሰው የመዋጮ ደንብ ከየት ያነባል? ስለዚህ የምናውቀው በወሬ ነው። አንዱ የድምፅ መልእክት ይለቅና «አስር ሪያል ያዋጣ ሁሉ ይታሰራል» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ምንም የለበትም፣ ሰደቃ ነው» ይላል። በሁለቱ መካከል ፈሪው ወገኑን ሳይረዳ ይቀራል፣ ደፋሩ ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል።

ነገሩ ከሁሉ የከፋው በኮሮና ጊዜ ነበር። መጋቢት 21 ቀን 2012 ዓ.ም. መካ ውስጥ አጅያድ፣ መሳፊ፣ ሚስፈላ፣ ሁጁን፣ ነካሳና ሆሽ በክር ተዘጉ። በአምስተኛው ቀን፣ መጋቢት 26፣ ጅዳ ላይ ኪሎ 14 ሰሜኑም ደቡቡም፣ ኪሎ 13፣ መህጀር፣ ጉለይል፣ ቁረያትና ፔትሮሚን ተዘጉ። ከእነዚህ ሰፈሮች መግባትም መውጣትም ክልክል ሆነ፤ ነዋሪው ለምግብና ለመድኃኒት ብቻ፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ያውም እዚያው ሰፈሩ ውስጥ፣ ይንቀሳቀስ ነበር። የሰዓት እላፊ የጣሰ 10 ሺህ ሪያል ይቀጣ ነበር። ጅዳን የሚያውቅ ሰው የሰፈሮቹን ስም ሲሰማ ማን እንደሚኖርባቸው አይጠፋውም። ኪራይ የሚቀንስባቸው፣ ቤቱ የተጠጋጋባቸው፣ የመናዊው፣ በርማዊው፣ ቻዳዊውና ሐበሻው በአንድ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድባቸው ሰፈሮች ናቸው። ከአሠሪዋ ቤት የወጣች ልጅ መጀመሪያ የምትጠጋው እዚያ ነው።

ንጉሡ በዚያው መጋቢት 21 ቀን የኮሮና ሕክምና ለሁሉም፣ መኖሪያ ፈቃድ ለሌለውም ጭምር፣ በነጻ እንዲሆን አዘዙ። ይህ መታወቅ ያለበት መልካም ነገር ነው፤ ብዙ ሀብታም ሀገሮች ያላደረጉት ነው። ነገር ግን ለዓመታት ጀዋዛት (የኢሚግሬሽን ፖሊስ) ሲያሳድዳት የኖረች ሴት አንድ ማስታወቂያ ሰምታ ሆስፒታል በር ላይ ቆማ ስሟን አትናገርም። ፍርሃቱ ከትእዛዙ በፊት የነበረ ነው።

አንድ ቀን ከኪሎ 14 የድምፅ መልእክት መጣ። ድምፁ የደከመ ነው፤ ከኋላው ሳል ይሰማል። «ወንድሜ፣ ገንዘብ አትላኩልን፣ ከሰፈር ወጥተን አንገዛበትም። ማስክና ሳሙና ላኩልን። የታመመችዋን ለምታነሳትም ጓንት።» አንድ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ከፍራሽ ተገጣጥሞ ነበር የሚተኙት። ያለቻቸው ማስክ አንዲት ነበረች፤ ያችኑ አጥበው መስኮቱ ብረት ላይ ይሰቅሏታል፣ ስትደርቅ ወደ በቃላ (የሰፈር ሱቅ) የምትወርደዋ አድርጋት ትወርዳለች። በማግስቱ ሌላዋ። ያች ለአንድ ቀን ተብላ የተሠራች ሰማያዊ ማስክ በውሃ ብዛት ሳስታ ከወዲያ ወዲህ ታሳይ እንደነበር ፎቶውን አይቻለሁ። መከላከል የምትችለው ነገር አልነበረም። አጽናናቻቸው እንጂ አላዳነቻቸውም።

እኛ ከሰፈሩ ውጭ ነን። ገንዘቡ ችግር አልነበረም፤ ሰው በሃምሳ ሪያልም በሃያ ሪያልም ተሯሯጠ። ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነበር። በማን ሒሳብ ይግባ? ደሞዙ ሁለት ሺህ ሪያል የሆነ ሹፌር ሒሳብ ውስጥ በአንድ ሌሊት ከሠላሳና ከአርባ ሰው ገንዘብ ቢገባ ባንኩ ከየት አመጣኸው ብሎ ይጠይቃል፤ መጠየቅም አለበት። ሹፌሩ ምን ብሎ ይመልስ? «ለወገን ነው» ሕጋዊ መልስ አይደለም። በጥሬው ይሰብሰብ ቢባል ከቤት መውጣት ክልክል ነው። የሚገዛውስ? ፋርማሲው ለአንድ ሰው የሚሸጠውን ይመጥናል። ባብ መካ አካባቢ ከጅምላ ነጋዴ በካርቶን ብትገዛ ደግሞ የንግድ ሚኒስቴር በዚያ ሰሞን ዕቃ የሚያከማቹትንና ዋጋ የሚያንሩትን ያሳድዳል። መኪናህ ኋላ ላይ ብዙ ካርቶን ማስክ ይዘህ ተፍቲሽ (የፍተሻ ኬላ) ላይ ብትቆም፣ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ፈቃድ፣ እርዳታ ነው ብትል ማን ያምንሃል? ወታደሩን አልወቅሰውም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም።

የዕቃው ጥራትም ሌላ ጣጣ ነበር። የሕክምና ማስክና ጓንት እንደ ሸሚዝ ዝም ብሎ የሚሸጥና የሚታደል ነገር አይደለም፤ የሳውዲ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ደረጃ አለው፣ አስመጪው ይመዘገባል። እኛ ይህን ከየት አውቀን? በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የማይችል ሰው ርካሹን ነው የሚገዛው። ርካሹ ደግሞ አንዳንዱ ከወረቀት የማይሻል ነበር። ቤት ውስጥ የጨርቅ ማስክ በስፌት መኪና እየሰፉ ያደሉ እህቶች ነበሩ፤ አላህ ይቀበላቸው። የጨርቁ ማስክ ለበቃላ መንገድ ይረዳል፣ ታማሚ ለምታነሳ ሴት ግን አይሆንም። በጎ ፈቃድ ብቻውን ታማሚ የምታስታምምን ሴት ከበሽታ አያድናትም። ሕግ የሚያስፈልገው አንዱ ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ማስኩና ጓንቱ የገባው በአንድ ሳውዲ ጎረቤት በኩል ነው። ሰውየው ፈቃድ ያለው የበጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ በፈቃደኝነት ያገለግል ነበር፤ ማኅበሩም የመተላለፊያ ወረቀት ነበረው። ነገሩን ስንነግረው መጀመሪያ ተቆጣ። «ያ አኺ፣ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» አለን። ማኅበሩ ሩዝና ዘይት የጫነ መኪና ይዞ ኪሎ 14 ይገባል፣ ነገር ግን የትኛው ሕንፃ፣ የትኛው ክፍል ውስጥ ማን እንዳለ አያውቅም። በር ሲያንኳኩ የሚከፍት የለም፤ ጀዋዛት መስሏቸው ትንፋሻቸውን ውጠው ይቀመጣሉ። እኛ ደግሞ የእያንዳንዱን በር ቁጥር እናውቀዋለን፤ ደውለን «ክፈቱ፣ ወገን ነው» ስንል ይከፍታሉ። እነሱ ዕቃና ፈቃድ ይዘው ቤቱን አላወቁም፤ እኛ ቤቱን እያወቅን ፈቃድ የለንም። አንድ ስልክ ቁጥር ነው የለያየን።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በሩ ተዘግቶ አልነበረም። በዚያ ሰሞን የመካ አውራጃ አስተዳደር የመራው «በርረን ቢመካ» የሚባል ዘመቻ በሰዓት እላፊው ሥራ ላጡ ቤተሰቦች ምግብ ያድል ነበር። በሰው ሀብትና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር በኩልም ለተጎዱት የሚሆን የማኅበረሰብ ፈንድ ተቋቁሞ ነበር። ጅዳ ውስጥ እንደ አልቢር ያሉ የቆዩ ማኅበራት አሉ። ከመካከላችን የአንዱን እንኳ ስልክ የያዘ ሰው አልነበረም። ዓመታት ኖረንበት የአንድ ጀምዒያ (የበጎ አድራጎት ማኅበር) ደጃፍ ያልረገጥን ሰዎች ነን። ጥፋቱ የኛም ነው፤ ከኛ ይልቅ ግን ሊያገናኙን ስም ይዘው የተቀመጡት ሰዎች ጥፋት ነው።

የሽሜሲን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው አሮጌው መንገድ ላይ ያለው የማቆያ ማዕከል ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ስም አይደለም፤ ከኛ መካከል ወንድሙ ወይም እህቱ እዚያ ያላለፈበት ቤተሰብ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 መጨረሻ የእንግሊዙ ሰንዴይ ቴሌግራፍ ጋዜጣ ከሽሜሲና ከጂዛን የወጡ ፎቶዎችን ሲያትም ዓለም አየው፤ ሸሚዝ የሌላቸው ልጆች ወለል ላይ ተደራርበው። ርቀት ጠብቁ በሚባልበት ዓመት ነው ይህ። በዚያ ጊዜ ውጭ ያለ ቤተሰብ ሳሙና፣ ማስክ፣ ንጹሕ ልብስ ገዝቶ ማስገባት ፈለገ። በየት በኩል? የእስር ቤት በር ላይ የሚቀበል ሰው የለም። ወገን በግሉ ማድረግ የማይችለውን፣ መንግሥት ለመንግሥት ወይም ፈቃድ ያለው ማኅበር በስምምነት ሊያደርገው ይችል ነበር። የአንድ እሽግ ሳሙና መንገድ ለማበጀት ወረርሽኝ እስኪመጣ መጠበቅ አልነበረብንም። እስረኞቹ ከወረርሽኙ በፊትም እዚያው ነበሩ።

ወደ ሀገር ቤት እንላክ ያልነውም አልተሳካም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ ሲገኝ ሁላችንም የደነገጥነው ለእናት አባቶቻችን ነው። ወሎ ውስጥ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የኮሮና ማከሚያ ሆነ። የዚያ አካባቢ ልጆች ለሐኪሞቹ ማስክና ሙሉ ልብስ ገዝተን እንላክ አልን። ሳውዲ ግን ከማርች መጀመሪያ ጀምራ የኮሮና መከላከያ የሕክምና ዕቃ ከሀገሯ እንዳይወጣ አግዳ ነበር። አግባብ ነው፣ እያንዳንዱ ሀገር መጀመሪያ ለራሱ ነው ያለው። ከሌላ ሀገር ገዝተን እንላክ ሲባል ደግሞ የሀገር ቤቱ ወረቀት መጣ። የገንዘብ ሚኒስቴር ለኮሮና መከላከያ የሚገባ ዕቃ ከቀረጥ ነጻ ይሁን ብሎ ነበር፤ ጥሩ ውሳኔ ነው። ቀረጡ ቢነሳም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ፣ የጤና ሚኒስቴር የድጋፍ ደብዳቤ፣ ዕቃውን በስሙ የሚረከብ ተቋም ያስፈልጋል። አንዱ መሥሪያ ቤት የሌላውን ደብዳቤ አምጡ ይላል፣ ያኛው ደግሞ መጀመሪያ የዚህን አምጡ ይላል። የኛ ሰዎች ደሴና አዲስ አበባ ላይ ሲመላለሱ ከረሙ። በዚያው መጋቢት 13 ቀን የቻይናዊው ባለሀብት የጃክ ማ እርዳታ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር፤ ለእያንዳንዱ የአፍሪካ ሀገር 100 ሺህ ማስክ፣ 20 ሺህ የመመርመሪያ ኪትና 1 ሺህ የመከላከያ ልብስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በጥቂት ቀን ውስጥ ለአህጉሩ አደለው። ሲፈለግ እንደሚቻል ያኔ አየን። ለትልቁ ለጋሽ የሚከፈት መንገድ ለትንሹም የሚሆን ቀጭን መተላለፊያ ቢኖረው ምን ነበረበት?

ስለ ሀገር ቤት ሕግ አንድ ነገር ልጨምር። የ2001 ዓ.ም.ን አዋጅ ቁጥር 621 የሚያስታውስ ማኅበራትን እንዴት አስሮ እንደያዘ ያውቃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን ሽሮ ብዙ ነገር አቃለለ፤ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ቢጥልም፣ ድርጅቶች ገንዘብ ከሕጋዊ ምንጭ ሁሉ እንዲያገኙ ፈቀደ። ሀገር ቤት የተመዘገበ ታማኝ ድርጅት ካለን፣ የዕቃው ተረከቢ እሱ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህንን ግን ጅዳ ላይ ቆጥሮ የነገረን አንድም ስብሰባ አልገጠመኝም። በየስብሰባው የምንሰማው ስለ ምርጫና ስለ ወንበር ነው።

ጣታችንን ወደ ራሳችንም መቀሰር አለብን። ሕጉ የሚፈራው ዓይነት ሰው በመካከላችን አለ። በሞተ ሰው ፎቶ ገንዘብ የሰበሰበ፣ የታማሚን ሪፖርት ከሌላ ቦታ ቆርጦ የለጠፈ፣ ለደም ካሳ ተብሎ የተዋጣውን ይዞ የጠፋ ሰው ታሪክ በየሰፈሩ ይወራል። ቲክቶክ ላይ የምታለቅሰው ሴት ሁሉ የምትዋሽ አይደለችም፣ የምትናገረው ሁሉ ግን እውነት አይደለም። የተዘረፈ ሰው ሁለተኛ አይሰጥም። በሚቀጥለው ጊዜ በእውነት የተቸገረች ልጅ ስትጣራ «ባለፈው አጭበርብረውናል» ተብላ ትቀራለች። የሌባው ዕዳ የሚከፈለው በእሷ ነው። ለዚህ ነው ፈቃድና ደረሰኝ የሚለውን ነገር እንደ ጠላት የማላየው። ፈቃዱን የምናገኝበት መንገድ አለመኖሩ ነው የሚያስመርረኝ።

ኮሮና አለፈ፣ እሮሮው ግን አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሐጅ ላይ የመካ ታላቁ መስጊድ አካባቢ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደረሰ። የሳውዲ መንግሥት 1,301 ሰው መሞቱን ገለጸ፤ ከመቶው 83ቱ የሐጅ ፈቃድ ያልነበራቸው ናቸው አለ። ኢትዮጵያውያንም ነበሩባቸው። ፈቃድ የሌለው ሰው ድንኳን የለውም፣ አውቶቡስ የለውም፣ ፀሐዩ ላይ ነው የሚሄደው። ያለ ፈቃድ ሐጅ አትሂዱ ማለት ትክክል ነው፣ እኔም እላለሁ። የሄደውን ግን ፀሐይ ላይ መተው አንችልም። ያን ጊዜ ጃንጥላ፣ ውሃ፣ የራስ መሸፈኛ እናድል ያሉ የመካ ልጆች እንደገና እዚያው ጥያቄ ላይ ቆሙ። በመካ አስተዳደር ሥር የሲቃያና የሪፋዳ ኮሚቴ የሚባል አለ፤ ለሐጃጅ ምግብና ውሃ ማደል የሚፈልግ ሰው የሚያመለክተው እዚያ ነው፣ ቦታና ሰዓት ይሰጠዋል። ይህን የነገርኳቸው ሰዎች አብዛኞቹ መካ አሥር ዓመት ኖረዋል፣ ኮሚቴ መኖሩን አልሰሙም ነበር። እንዴት ይሰሙ? ማን ነግሯቸው?

ስለዚህ ድካሜን ለማን እንደማሰማ ልናገር። ጅዳ ላለው ቆንስላችንና ለኮሚኒቲው አመራር ነው የማሰማው። እኛ ማኅበር መመሥረት እንደማንችል ሕጉ ግልጽ አድርጎታል፤ እሱን ለመለወጥ አልጠይቅም። የምጠይቀው ጅዳ ላይ አንድ፣ መካ ላይ አንድ ፈቃድ ያለው የሳውዲ በጎ አድራጎት ማኅበር መርጣችሁ በወረቀት እንድትስማሙልን ነው። የኛ መዋጮ በማኅበሩ ሒሳብ ይግባ፤ ደረሰኙ በማኅበሩ ማኅተም ይውጣ፤ ዕቃውን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ከመዘገበው አስመጪ ማኅበሩ ይግዛ፤ የሚሰጥበትን ቤት እኛ እናሳይ፣ በሩን እኛ እናስከፍት። ምን እንደተሰበሰበ፣ ምን እንደተገዛ በየሦስት ወሩ ኮሚኒቲው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የሳውዲን የመዋጮና የልመና ሕግ በአንድ ገጽ አማርኛ፣ በአንድ ገጽ ኦሮምኛና በአንድ ገጽ ትግርኛ አውጡልን፤ ዲግሪ ያላቸው ተርጓሚዎች እዚሁ ከተማ ውስጥ አሉን። ሽሜሲ ላሉት ደግሞ ሳሙናና ንጹሕ ልብስ የሚገባበትን መንገድ ከሚመለከተው ጋር ተነጋገሩልን። ይህ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የሚጠይቀው አንድ ሰው ተነስቶ አንድ ቢሮ እንዲሄድ ነው።

ለአንተም ወንድሜ፣ ለአንቺም እህቴ የምለው አለኝ። እስከዚያ ድረስ ገንዘባችሁን በማታውቁት ሰው የግል ሒሳብ አትጣሉ። ኢቃማ ያለው ሰው በኢህሳን በስልኩ መስጠት ይችላል፤ ለወገኑ ለይቶ መስጠት ባይችልም፣ ቢያንስ ገንዘቡ ከሌባ እጅ ይድናል። ለሀገር ቤት ስታዋጡ የድርጅቱን የምዝገባ ቁጥር ጠይቁ፣ ካልነገሯችሁ አትስጡ። የሰፈራችሁን ጀምዒያ ስልክ ዛሬውኑ ፈልጋችሁ ያዙ፤ በተለይ ኪሎ 14፣ ፔትሮሚንና ነካሳ ያላችሁ። እናንተ የኮሚኒቲው ሰዎች ደግሞ የሚቀጥለው ሐጅ ሳይደርስ ያን የስምምነት ወረቀት ፈርማችሁ አሳዩን።